የሳሙናው ነብርና የሳሙናዋ ድመት

ነገሩ ሲጀመር ጠብ አልነበረም፤ ሳሙና ነበር። በአንድ ከተማ ሁለት ፋብሪካዎች የልብስ ሳሙና ያመርታሉ። የአንደኛው ማሸጊያ ቢጫ ነው፤ መሀሉ ላይ ነብር ተቀምጧል። የሌላኛውም ማሸጊያ ቢጫ ነው፤ መሀሉ ላይ ድመት ተቀምጣለች። ነብሩ ጅራቱን በእግሮቹ ዙሪያ ጠምጥሟል፤ ድመቷም ጠምጥማለች። ነብሩ ነጠብጣብ ነው፤ ድመቷም ነጠብጣብ ናት። ገዢ ጎን ለጎን አስቀምጦ ካላያቸው ይምታቱበታል፤ ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያያቸውም ይምታቱበታል። ሁለቱም ባለቤቶች ግን ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ፣ አንድ ዓይነት ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት ይዘዋል። ሁለቱም ወረቀቶች ምልክቱ የያዡ ብቻ ነው ይላሉ።

ሁለት ሰዎች "የኔ ብቻ" የሚል ወረቀት ይዘው ሲገናኙ ከወረቀቱ ቀጥሎ የሚመጣው ብረት ነው።

አንድ ረፋድ ላይ የድመቷ ፋብሪካ መኪና በጅምላ መጋዘኖቹ ደጅ ሊያራግፍ ሲቆም፣ የነብሩ ፋብሪካ ጫኝና አውራጆች የሳጥን መክፈቻ ብረት ይዘው ከበቡት። ሾፌሩን ከጋቢናው ጎትተው ሊያወጡት ሲሉ የበሩን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጎ ያዘ፤ ጣቶቹን በብረት ቀጥቅጠው አስለቀቁት። ከዚያ የጫኞቹ አለቃ፣ አገር ሁሉ "ቡጢ" የሚለው ትከሻ ሰፊ ሰው፣ የሾፌሩን ፊት ከመኪናው መከላከያ ጋር ደጋግሞ አላተመው። የፊት ጥርሶቹ አስፋልቱ ላይ ተበተኑ። ካርቶኑ ተቀዶ ሳሙናው ደሙ ላይ ተረገጠ፤ በማግስቱ ዝናብ ሲጥል የመጋዘኖቹ ደጅ ሮዝ አረፋ ደፈቀ።

ያ ሾፌር የወይዘሮ ቆይ ታናሽ ወንድም ነበር። ሁለቱን ወረቀቶች የሰጠው ደግሞ የወይዘሮ ቆይ መሥሪያ ቤት ነው።

ወይዘሮ ቆይ በአእምሯዊ ንብረት ቢሮ የንግድ ምልክት መርማሪ ናት። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ማመልከቻ በቀረበላት ቁጥር እጇን ወደ ላይ አንስታ "ቆይ፣ ቆይ" ማለት ልማዷ ነው። አባቷ የቄራ ሠራተኛ ነበር። በሥራ ባልደረቦቹ ጠብ መሀል ለመገላገል ገብቶ በራሱ ቢላ ተወግቶ ሞተ፤ ተጣዪዎቹ ሁለቱም ተርፈው ቀብሩ ላይ አለቀሱ። ያኔ እሷ ገና ተማሪ ነበረች፣ ወንድሟ ዳዴ ይላል። እናታቸው ብዙ ሳትቆይ ተከተለች። ጡት አላጠባችውም እንጂ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እሱም ጢም ካበቀለ በኋላ እንኳ "እታለም" እያለ ጉያዋ መግባት የሚወድ ልጅ ነበር።

ሆስፒታል ስትደርስ መንጋጋው በሽቦ ታስሯል። በቀሩት ጥርሶቹ መሀል እያፏጨ የነገራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽቦው የወጣ ዕለት ቡጢን ይገድለዋል። ፉከራ አልመሰላትም። ፉከራ ድምፅ ይፈልጋል፤ እሱ ድምፅ አልነበረውም።

እሷም ለመነችው። ምልክቱ የማን እንደሆነ መሥሪያ ቤቷ ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ እንዲታገሥ፣ እውነቱ ከወጣ ጠቡ ራሱ እንደሚሞት፣ ካልሆነ ግን እንደ አባታቸው ያለ ቀብር ላይ እንደገና እንደሚያቆማት ነገረችው። እሱም "ቆይ ስትዪኝ ነው ያደግኩት" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሺ ማለቱ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ቆይ የምትሠራው ለደመወዝ አልነበረም፤ የወንድሟ እጅ ደም እንዳይነካ ነበር።

አሁን ቢሮው ያን ሰሞን ምን ውስጥ እንደነበረ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ደግሞም ደስ የሚል ነገር ነው። በየአገሩ ያሉ የአእምሯዊ ንብረት ቢሮዎች ሥራቸው ይመሳሰላል። ማመልከቻ ይቀበላሉ፣ ይመረምራሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ለሕዝብ ያሳውቃሉ። እንግዲያው እያንዳንዱ ለብቻው ሶፍትዌር ከሚያሠራ፣ አንድ ጥሩ ተሠርቶ ሁሉም ለምን አይጋራውም? ብዙዎቹ እየተጋሩት ነው። የወይዘሮ ቆይ ቢሮም ሊቀበለው ሽር ጉድ ይል ነበር። ሶፍትዌሩን ኮምፒውተር ላይ መጫን ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ቢሮውን ለሶፍትዌሩ ማሰናዳት ነው። ቤት ሳይጠረግ እንግዳ አይጠራም፤ ይህ እንግዳ ደግሞ አልጋ ሥር ጎንበስ ብሎ የሚያይ ዓይነት ነው።

ልታሠለጥናቸው የመጣችው ሴትዮ፣ ሶፍትዌሩን ቀድሞ ከተቀበለ ሌላ ቢሮ የተላከች ናት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ሥዕል ሲመጣ የሚመስለውን እንዴት ትፈልጋላችሁ የሚል ነበር። መዝገብ ቤቱ በኩራት መሳቢያዎቹን አሳያት። አንበሳ ለብቻው፣ ንስር ለብቻው፣ ነብር ለብቻው፣ ድመት ለብቻዋ። እሷም አንበሳ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ አለች።

"ባለቤቱን እንጠይቀዋለን" አሏት።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ቢሮ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ወግ ነው፤ አመልካቹን "ሥዕልዎ ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ፣ በመልሱም ማስቀመጥ። አንበሳ ነው ብሎ የመጣን ሰው "ጌታዬ፣ ይሄ እኮ ውሻ ይመስላል" ማለት ነውር ነበር። ከዚህ የተነሳ በአንበሳው መሳቢያ ውስጥ አንበሶች፣ ውሾች፣ ጥቂት በጎችና አንድ የተቆጣ ሽማግሌ የሚመስል ነገር በሰላም ይኖሩ ነበር። ለአዲስ ውሻ ፍለጋ ሲደረግ ግን የሚከፈተው የውሻው መሳቢያ ብቻ ነው። ጨዋነቱ ያማረ ነበር፤ መዘዙን ግን ወንድሟ በጥርሱ ከፍሏል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

አዲሱ ሥርዓት ዓይን ያየውን እንጂ አፍ የተናገረውን አይቀበልም። በአንድ ሥዕል ላይ ለሚታየው ነገር ሁሉ ኮድ አለ፤ ለእንስሳው፣ ለአቀማመጡ፣ ለነጠብጣቡ፣ ለቀለሙ። ማሽኑ ኮዶቹን ያመሳክርና መንትዮቹን ይዞ ይመጣል። ኮዱን የሚሰጠው ግን ሰው ስለሆነ አሠልጣኟ ቀላል ዘዴ አስተማረቻቸው። ስሙን በወረቀት ሸፍኑት፤ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ያዩትን ይጻፉ፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጠራ። ወይዘሮ ቆይ ይህን ስትሰማ ከወንበሯ ብድግ እንዳለች ባልደረቦቿ ዛሬም እያወሩ ይስቃሉ። ዕድሜ ልኳን ቆይ ስትል የጠበቀችው ይህን ነበር።

ከሳሙናዎቹ ጀመረች። ነብሩንና ድመቷን ከሌሎች ሥዕሎች ጋር ቀላቅላ፣ ስማቸውን ሸፍና፣ ከማዶ ክፍል ላለች ባልደረባዋ ሰጠች፤ ራሷም ለብቻዋ ጻፈች። ለሁለቱም ሥዕሎች ሁለቱም ሴቶች ድመት ብለው ጻፉ። ወይዘሮ ቆይ የሥዕሎቹን ባለሙያ ፈልጋ ስታገኘው ሁለቱንም የሠራው አንድ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ነብር አይቶ አያውቅም፤ ድመት ግን ነበረችው። "ነጠብጣቡን የጨመርኩት እኔ ነኝ" አላት በኩራት፤ ሁለተኛው ደንበኛ ድመት ሲያዝዘው ደግሞ ነጠብጣቡን ማጥፋት ሳያሳዝነው አልቀረም።

የቀረው ማን ቀድሞ ተመዘገበ የሚለው ነበር። ሕጉ ለቀደመ ይፈርዳል። የቀደመው ነብሩ ነበር፤ ያውም በብዙ ዓመት።

ዳይሬክተሩ ጉዳዩ ከሥርዓቱ ምረቃ በኋላ ቢነሳ ይመርጥ ነበር። እሷ ግን ሁለቱን እንዳሉ ከጫንናቸው፣ አንድ ሥዕል ሁለት ብቸኛ ባለቤት እንዳለው ለዓለም እያሳየን ነው የምንመርቀው ብላ ሞገተችው። ተረታ። በቢሮው ደንብ መሠረት ለሁለቱም ባለቤቶች ማስታወቂያ ተላከ፤ የድመቷ ምዝገባ ሊሰረዝ ስለሆነ ለክርክር ቅረቡ የሚል። ሁለት ፖስታ፣ በአንድ ጧት።

ለወንድሟ ራሷ ነገረችው። መንጋጋው ድኗል፤ አንድ ክፍል ቤቱ ውስጥ ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር።

"እታለም፣ ፊትሽ ክፉ ነው። ንገሪኝ።"

"የቀደመው የነብሩ ነው። ማስታወቂያው ለሁለቱም ተልኳል።"

ካውያውን አስቀመጠ። "ታዲያ ጥርሴን ያወለቀው ሰውዬ ትክክል ነበር?"

"ምልክቱ የሱ ነው አልኩህ እንጂ ጥርስህ የሱ ነው አላልኩህም።"

"ለሱ ሁለቱም አንድ ነው" አላት። "ይሄን ስትልኪለት አላሰብሽውም?"

መልሱ በማግስቱ መጣ። ቡጢና ሰዎቹ የማስታወቂያውን ወረቀት አስነብበው ከሰሙ በኋላ በጠራራ ፀሐይ የድመቷን ፋብሪካ በር ገነጠሉት። ወረቀቱ ቡጢ ደረት ኪስ ውስጥ ነበር፤ ለጠየቀው ሁሉ እያወጣ ያሳይ ነበር፤ መንግሥት ፈቀደልኝ እያለ። የተደረደረውን ሳሙና ረገጡት፤ የመቁረጫውን ሽቦ በጣጠሱት። ገንዳው አጠገብ የነበረ አንድ ሠራተኛ ሊከለክላቸው ቢሞክር፣ ለሳሙና መሥሪያ የተበጠበጠውን ኮስቲክ ሶዳ በባልዲ ቀድተው እግሩ ላይ ደፉበት። ጫማውን ሊያወልቁለት ሲጎትቱ ቆዳው አብሮ ወጣ። የፋብሪካዋ ባለቤት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትሠራ ሴትዮ፣ ሰውየውን በቱቦ ውኃ እያጠበች ስትጮህ ቡጢ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ያይ ነበር አሉ።

የተቃጠለው ሰው የወንድሟ የልብ ጓደኛ ነው።

የክርክሩ ዕለት ወይዘሮ ቆይ ወንድሟ እንዳይመጣ ለምናው ነበር፤ እሱም ምን አገባኝ ብሏት ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በፍለጋ ክፍሉ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ተደርድረው፣ አሠልጣኟ አንድ ጥግ ላይ ሠራተኞችን እያለማመደች ነበር። የነብሩ ባለቤት ገብቶ ተቀመጠ፤ በዋስ የተለቀቀው ቡጢ ከኋላው ቆመ። ባለ ድመቷ በሩ አጠገብ ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋ ተቀመጠች። ወይዘሮ ቆይ ሁለቱን ሥዕሎች በትልቁ ስክሪን ላይ አውጥታ ማስረዳት ጀምራ ነበር።

ወንድሟ በሩን በትከሻው ከፍቶ ገባ። በእጁ የጎማ መፍቻ ይዟል። ማንንም አላየም፤ በቀጥታ ወደ ቡጢ ሄደ። ወይዘሮ ቆይ ተሻግራ መሀላቸው ቆመችና እጇን ወደ ላይ አነሳች። ቆይ ልትል ነበር፤ ብረቱ ቀድሟት ወረደ። የእጇ አጥንት ሲሰበር የተሰማው ድምፅ ሰው የቆመበት ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነበር። ወንድሟ ምን እንዳደረገ የገባው መሰለ፤ ፊቱ ለአንድ አፍታ የልጅ ፊት ሆነ። ቡጢ ያችን አፍታ ተጠቅሞ ወንበር አንስቶ አናቱ ላይ ሰበረበት። ከዚህ በኋላ ወንድሟን የሚመልስ አልነበረም። ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ የቡጢን ጭንቅላት በጎን መታው፤ ሲወድቅ ደገመው። የቡጢ ጣቶች የኮምፒውተሩን ገመድ ይዘው ስለነበር ስክሪኑም ተከትሎት ወደቀ፤ መስታወቱ ፊቱ ላይ ተሰባበረ።

የጥበቃዎቹ ተራ ደረሰ። ወንድሟን መሬት ላይ ጥለው በዱላና በጫማ ጎድኑን ጎድኑን ይሉት ጀመር። ብረቱን ከጣለ ቆይቷል፤ እነሱ ግን አላቆሙም። ወይዘሮ ቆይ በተሰበረ እጇ ላዩ ላይ ወድቃ ሸፈነችው፤ አንዱ ጫማ እሷንም አገኛት፤ ሁለት ጎድኗ ተሰነጠቀ። ከሥሯ ሆኖ "እታለም፣ ተነሺ፣ ይገድሉሻል" ሲላት ይሰማት ነበር። አልተነሳችም። አሠልጣኟ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ እስክትጮህ ድረስ ማንም እጁን አልሰበሰበም።

ቡጢ አልሞተም። ቀኝ ጎኑ ግን አይታዘዘውም፤ ምላሱም ተሳስሯል። ወንድሟ ብዙ ዓመት እስራት ተፈረደበት። የድመቷ ምዝገባ ተሰረዘ። ሥርዓቱ በወጉ ተመረቀ፤ ደም የነካው ምንጣፍ ተነስቶ አዲስ ተነጠፈ፤ ዳይሬክተሩ ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት ንግግር አደረገ። ንግግሩ ውሸት አልነበረም፤ ፍለጋው እውነትም ቀልጥፏል። ወይዘሮ ቆይ እጇ በጄሶ ታስሮ ከኋላ ቆማ ሰማችው።

ወንድሟ እስር ቤት ለጥየቃ ሲጠራ ለረጅም ጊዜ አልወጣም። እሷ ግን እሑድ እሑድ እየሄደች አጥሩ ሥር ተቀምጣ ትመለስ ነበር። ለጥየቃ የወጣ ዕለት መጀመሪያ ያየው እጇን ነው። ሁለቱ ጣቶቿ እንደማይታጠፉ ሲያይ አጥሩን ጨብጦ ግንባሩን መታበት፤ ጠባቂው እስኪይዘው ድረስ ደጋግሞ መታው። ደሙን በእጅጌው ጠረገና ቀስ ብሎ ተናገረ።

"አሁንም ትክክል ነበርሽ። እኔ በምልክቱ አልከራከርሽም። ግን እታለም፣ ሲፈናከቱ ለከረሙ ሰዎች ወረቀት ነው የላክሽው። ሰው አትልኩም እንዴ? አንዱ ወረቀቱን ዱላ አደረገው፣ እኔ ደግሞ መግደያ ምክንያት። መሀሉ ላይ ሰው ቢኖር ኖሮ..."

እሷም መሀሉ ላይ የገባ ሰው ምን እንደሚሆን ለማሳየት አባታቸውን አላነሳችበትም። ግን እሱ ያለው መሀል ከብረቱ በፊት ያለው መሀል መሆኑ ገባት።

ሰኞ ቢሮ ገብታ ለዳይሬክተሩ አዲስ ነገር ጠየቀችው። ማሽኑ መንትያ ባገኘ ቁጥር፣ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት መርማሪ በአካል ሄዶ ሁለቱንም ያነጋግር። ዳይሬክተሩ ሶፍትዌሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ደረጃ የለም አላት። እሷም ሶፍትዌሩ የጋራ ነው፣ ሰዎቹ ግን የኛ ናቸው አለችው። ደግሞ ሌላ ቢሮ ያሉ ጓደኞቿን፣ አሠልጣኟን ጨምሮ፣ ስትጠይቅ እነሱም በየራሳቸው ቢሮ የሚደብቁት ቁስል እንዳላቸው ነገሯት። አንዱ ቢሮ ደጃፉ ላይ ሰው ተወግቶበታል። ሌላው መጋዘን ተቃጥሎበታል። የቆየ መዝገብ ስታጸዳ የተቀበረ ጠብ ትቆፍራለህ፤ ይህን የሚያስተምር መመሪያ ግን አልተጻፈም። ዳይሬክተሩ ሞክሪው አላት፤ በራስሽ ኃላፊነት።

አሁን ቅርንጫፍ ቢሮዎችን ለሥርዓቱ የምታሰናዳው እሷ ናት። በግራ እጇ መጻፍ ለምዳለች። በአንድ ቅርንጫፍ ማሽኑ ሁለት የምስማር ፋብሪካዎች ይዞ መጣ፤ መዶሻ የጨበጠ ክንድ የሁለቱም ምልክት ነው፤ አንዱ በመዶሻ መሳቢያ፣ ሌላው በክንድ መሳቢያ ተቀምጦ ኖሯል። ባለቤቶቹ ምልክቱን ከአባታቸው የወረሱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሠራተኞቻቸው ቀድሞውንም አንድ መኪና አቃጥለዋል፤ የአንዱ ልጅ ጉሮሮው ላይ የቢላ ጠባሳ አለ። ወይዘሮ ቆይ ፖስታ አልላከችም። መጀመሪያ ታላቁ ዘንድ ሄደች፤ በግቢው ውስጥ ዱላ የያዙ ሰዎች መሀል አልፋ። ቀጥላ ታናሹ ዘንድ ሄደች፤ እዚያ ደግሞ በር ላይ ተፈተሸች። ለሁለቱም የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ነው፤ ሠራተኞቻችሁ ሳይሰሙ ዛሬውኑ ከእኔ ጋር በአንድ መኪና ወደ ቢሮ እንሂድ።

እነሆ መኪናው እየሄደ ነው። ከኋላ ወንበር ታላቁ በቀኟ፣ ታናሹ በግራዋ ተቀምጠዋል። ሾፌሩ ከታናሹ ካልሲ ውስጥ አውጥቶ የወሰደው ቢላ ከፊት ተቀምጧል። ክርናቸው ጎድኗ ላይ ያርፋል፤ ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ሲነጥሩ የተሰነጠቀው ጎድኗ ይሰማታል። ታላቁ መስኮቱን እያየ ይህ ሰውዬ ለዓመታት በድንጋይ እንጂ በአፍ አነጋግሮኝ አያውቅም አላት። ታናሹም እሱ ነው የጀመረው ንገሪው አላት።

ወይዘሮ ቆይ አባታችሁ ምልክቱን ሲያሠራ መጀመሪያ የተሣለው መዶሻው ነበር ወይስ ክንዱ፣ ማንኛችሁ ታስታውሳላችሁ ብላ ጠየቀቻቸው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። እሷ በመሀላቸው ተጣብቃ፣ የማይታጠፉ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በየተራ እንዲናገሩ ለማድረግ እየሞከረች ነው።